ሽማግሌ ሲመጣ የሚከፈት ሙዚቃ

ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ በተለይ ለትዳር የደረሰች ሴት ልጅ ያላችሁ፣ አንድ ምክር ልለግሳችሁ። ቤታችሁ ሽማግሌ ሊመጣ ከሆነ ሙዚቃ አትክፈቱ። የግድ እንከፍታለን ካላችሁም ፈጣኑን ክፈቱ። ይህን የምላችሁ ሙዚቃ አዋቂ ሆኜ አይደለም። የእኔ የሙዚቃ እውቀት ሰርግ ላይ ከማጨብጨብ አያልፍም፤ እሱንም ቢሆን ሌላው ሰው ከጀመረ በኋላ ነው። የምመክራችሁ ቀምሼው ስለሆነ ብቻ ነው።

ነገሩ ከልጄ ከቤዛ ይጀምራል። ቤዛ ናትናኤል የሚባል ልጅ ወደደች። ናትናኤል ቄራ ተወልዶ ያደገ፣ ሥራውን አክባሪ፣ ትልቅ ሰው ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሳ ልጅ ነው። እንከን ፈልጌ አጣሁበት፤ እንከን ማጣት ደግሞ የሴት ልጅ አባትን እንዴት እንደሚያናድድ የወለደ ያውቀዋል። ልጁ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። መቼም የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ትንሽ ይግደረደራል፤ "ዘመድ እናማክር፣ በሌላ ቀን ብቅ በሉ" ይላል፤ ሽማግሌዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ቅር ሳይላቸው ይሄዳሉ። እኔ ግን መግደርደር ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊቴ እንደቆሙ ስለ ልጁ ጠባይ ጠየቅኩ፣ ስለ ሥራው ጠየቅኩ፣ ሲያመሽ የት እንደሚያመሽ ጠየቅኩ፤ በመጨረሻ ጥያቄ ሲያልቅብኝ ያንኮራፋ እንደሆነ ጠየቅኩ።

"እሱን እንግዲህ አብረነው አልተኛንም" አሉ ዋናው ሽማግሌ አቶ ተክሌ።

አቶ ተክሌ ቄራ ሥጋ ቤት ያላቸው፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ትዕግሥታቸው ግን ቀጭን የሆነ ሰው ናቸው። ሲወጡ ደረጃው ላይ ዞር ብለው፣ "ሁለተኛ እንመጣለን፤ ወግ ነው። ሦስተኛ ግን ጉልበቴም አይችል፣ ክብሬም አይፈቅድ" አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤዛ እኔን የምታናግረኝ በሁለት ቃል ሆነ፤ "እሺ" እና "አይ"። ባለቤቴ ሙሉነሽ ደግሞ ልጅቷ ያላወራችውን ሁሉ ደርባ ታወራኛለች። ናትናኤልን መሥሪያ ቤቱ ወደ ድሬዳዋ ሊያዛውረው ነው። ልጆቹ ያሰቡት ከፋሲካ በኋላ ተጋብተው አብረው ለመሄድ ነበር።

"ልጁ ብቻውን ከሄደ ልጄ ቀረች ማለት ነው" ትለኛለች ሙሉነሽ። "ለምን ቀረች ብለው ሲጠይቁኝ፣ አባቷ ስለ ማንኮራፋት ሲመራመር እላለሁ።"

ስለዚህ ሁለተኛው ቀጠሮ የመጨረሻው ነበር። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ ተከብረው፣ እሺታዬን ይዘው መውጣት አለባቸው። ይህን ያህል ለእኔም ገብቶኛል። ያስጨነቀኝ ቤቱ ነው። ከካሳንችስ ከተነሳን ወዲህ የምንኖረው ቂርቆስ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ካሳንችስ እያለን ጎረቤታችንን በሳሉ እናውቀው ነበር። እዚህ ግን ደረጃ ላይ "ደህና ዋላችሁ" ከመባባል ያለፈ ነገር የለንም። የምናውቀው ጩኸቱን ብቻ ነው። ከምድር ቤት ብረት የሚቆርጡ ልጆች አሉ፤ ግራይንደሩ እሑድ አያውቅም። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ጁስ ቤት ደግሞ ስፒከሩን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ የአቮካዶ ዋጋ የጠየቀውንም ያልጠየቀውንም ያስጨፍራል። ባለፈው ጊዜ አቶ ተክሌ "ልጅዎን ለልጃችን" ሲሉ ግራይንደሩ ተነሥቶ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ቦታ ቆርጦታል። ጩኸቱን የሚሸፍን ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኢዮብ የሚባል የቫዮሊን መምህር አለ። ሄጄ ችግሬን ነገርኩት። እሱም ለሙያው የመጣ ደንበኛ ብርቅ ሆኖበት ነው መሰለኝ፣ ሻይ እንኳ ሳያስቀርብልኝ ማስረዳት ጀመረ።

"ጋሼ፣ ይሄንን ሙዚቃ በስልክዎ ልላክልዎት። አራት ሰዎች ናቸው የሚጫወቱት። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ፤ ያ ትልቁ፣ ድምፀ ወፍራሙ። ቻምበር ሙዚቃ ይባላል፤ ማለቴ ለትልቅ አዳራሽ ሳይሆን ለቤት፣ ለእንግዳ መቀበያ ክፍል የተሠራ ነው።"

እንግዳ መቀበያ ክፍል ሲል ልቤ ቀለጠ። ለእኔ ለራሴ የተሠራ መሰለኝ።

"ታዲያ አራት ክፍል አለው" አለ ኢዮብ። "ሲመርጡ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ ቴምፖ፤ ፍጥነቱ ማለት ነው። ሁለተኛ ኪይ፤ ያው እኛ ቅኝት እንደምንለው ነው በቃ። ሦስተኛ ሙዱ፤ ስሜቱ። የመጀመሪያው ክፍል ፈጠን ይላል፤ ሜጀር ነው፤ ብሩህ ነው። ሁለተኛው በጣም ዝግ ያለ ነው፤ ማይነር ነው፤ ከባድ ሐዘን አለበት። ሦስተኛው ጭፈራ ቢጤ ነው። አራተኛው ሩጫ ነው፤ ሲያልቅ ተነሥተው ሊያጨበጭቡ ይችላሉ። ለእርስዎ ጉዳይ አንደኛው ወይ አራተኛው ነው የሚሆነው።"

አመስግኜው ወጣሁና ቤቴ ገብቼ አራቱንም ሰማኋቸው። አራተኛውን ስሰማው አራት ሰዎች ዝናብ አባሮአቸው አንድ ታክሲ ላይ የሚሽቀዳደሙ መሰሉኝ። ይሄ ለሽማግሌ ይከፈታል? በእኛ አገር ክብር የሚለካው በዝግታ ነው። ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ሰርግ ሲጠራም ቀስ ብሎ፣ ምግቡ ሊነሳ ሲል ይደርሳል። የሚሮጥ ወይ ሌባ ነው ወይ አትሌት። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ሁለተኛውን ክፍል ስሰማው ግን፣ ጎበዝ፣ ጨዋነት ማለት እሱ ነው። ቼሎው እንደ ባላባት ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል፤ ቫዮሊኖቹ ከብዙ ዝምታ በኋላ ይመልሱለታል፤ ማንም ማንንም አያቋርጥም። ሐዘን አለበት የተባለውን አልናቅኩትም። እንዲያውም ወደድኩት። የአቶ ተክሌ ልብ ራርቶ ያለፈውን ቢረሳልኝ ብዬ ነበር የምጨነቀው፤ ማራሪያውን ደግሞ በእጄ ይዣለሁ።

ስፒከሩ የሚሠራው ከቤዛ ስልክ ጋር በብሉቱዝ ተገናኝቶ ነው። ስለዚህ ጠራኋት።

"እሑድ ይሄን ትከፍቻለሽ" አልኳት።

ትንሽ ሰማችና ቀና ብላ አየችኝ። "ይሄን?"

"ይሄን።"

"እየደጋገመ?"

"እየደጋገመ።"

"እሺ" አለች።

ያ እሺታ ከሌሎቹ እሺታዎች ረዘም ያለ ነበር። ልብ ያለው አባት ያኔ ይነቃ ነበር።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። እኛ አገር እንዲህ ያለ ዝግ ያለ፣ ቃል የሌለው፣ የሚያንጎራጉር የፈረንጅ ሙዚቃ ሕዝብ የሚሰማው መቼ ነው? ሬዲዮው መደበኛ ፕሮግራሙን ያቋረጠ ቀን ነው። ትልቅ ሰው ሲሞት! ያን ሙዚቃ የሰማ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሹፌሩን "ማን ሞተ?" ነው የሚለው። እኔም ራሴ ስንት ጊዜ ብያለሁ። ግን ሰው የራሱ ቤት ሲሆን አይታየውም።

እሑድ ማለዳ ከሕንፃችን ዕድር ወንበሮች ተውሼ ሁለት ልጆች ተሸክመው አወጡልኝ። ቦታ እንዲሰፋ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁት፤ ወንበሮቹን ዙሪያውን ደረደርኩ። ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፤ ያለኝ አንድ ነው፤ ጥቁር ነው። ሙሉነሽ ለዶሮው የሚሆን ሽንኩርት ስትከትፍ አድራ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። ቤዛ እንደ ወጉ መኝታ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች። ሙዚቃው ተከፈተ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሽማግሌዎቹ ደረጃውን ሲወጡ ይሰማኛል። አቶ ተክሌ ስለ ደረጃው ብዛት ያማርራሉ። ሁለተኛ ፎቅ ድረስ አማረሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። እርምጃቸው ቀዘቀዘ፤ ሹክሹክታ ሰማሁ። በልቤ "ያዛቸው! ሙዚቃው ያዛቸው!" አልኩ።

ገቡ። አቶ ተክሌ ከፊት፣ ቀጥለው ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር፣ ከኋላ ደግሞ ብዙ የማይናገሩት የልጁ አጎት። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጥቁር ልብሴን አዩ፤ የዕድሩን ወንበሮች አዩ፤ እጅ ነሥተው ተቀመጡ። ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው! ባለፈው ጊዜ ስለምናቸው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው እግራቸው እስኪዝል የቆሙ ሰዎች ናቸው። ወጉን መጣሳቸው ደነቀኝ። "ተቀይመውኛል" ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ዝም አልን። ዝምታው እንዴት እንደረዘመ ልንገራችሁ። የሴት ልጅ አባት "ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?" ብሎ ቸኩሎ አይጠይቅም፤ ልጄ ከበደችኝ ውሰዱልኝ ማለት ይመስላል። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ደግሞ "ማን ሞተ?" ብሎ አይጠይቅም፤ በተለይ ቤተሰቡ መርዶውን ይስማ አይስማ ካላወቀ አፉን መክፈት ነውር ነው። እኔ በእኔ ወግ እነሱን እጠብቃለሁ፤ እነሱ በእነሱ ወግ እኔን ይጠብቃሉ። ሁላችንም ጨዋ ሆነን ልንሞት ነው። ሙዚቃው አልቆ እንደገና ጀመረ።

ሙሉነሽ ሰላም ልትል ከኩሽና ወጣች። ከዓይኗ የሽንኩርት እንባ ይወርዳል። አቶ ተክሌ ብድግ ብለው ትከሻዋን ያዙ።

"አይዞዎት፣ በርታ ይበሉ" አሏት።

ሙሉነሽ ከልጇ ስለ መለየቷ የሚያጽናኗት መስሏት ልቧ ተነካ። "ምን ይደረግ ብለው ነው፤ በሁሉም ቤት ያለ ነው" አለችና ተመልሳ ገባች። አሁን እንባው የሽንኩርት ብቻ አልነበረም።

ሙዚቃው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር አቶ ተክሌ መሐረባቸውን አወጡ። ያን የሚያክል ሰው፣ በሬ የሚጥል ክንድ ያለው ሰውዬ፣ ጉንጩ ላይ እንባ ይወርዳል። በምን እንዳስቀየምኳቸው ቆጠርኩ። ስለ ማንኮራፋት መጠየቄ ይህን ያህል እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር።

በዚህ መሀል አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ግራይንደሩ ቆመ። ቀጥሎ የጁስ ቤቱ ስፒከር ጸጥ አለ። ሕንፃው ውስጥ ከገባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። የእኛ ሙዚቃ ብቻውን ደረጃውን ሞልቶ ወረደ። ወዲያው እትዬ የሺ በር ላይ ብቅ አሉ። እትዬ የሺ የሕንፃው ዕድር የሴቶች ተጠሪ ናቸው፤ ጠዋት ወንበሩ ሲወጣ አይተዋል፤ ሙዚቃውን ሰምተዋል፤ ቀሪውን ራሳቸው ሞልተውታል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች። ከኋላቸው ሦስተኛ ፎቅ። ከእነሱ ኋላ ብረት ቆራጮቹ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እየተቀመጡ ወንበሩ ሞላ። የተረፈው ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ጨዋ ስለሆኑ እነሱም አልጠየቁም።

ዕውነቱን ለመናገር፣ "የናትናኤል ወገኖች ሕዝብ ይዘው መጡብኝ" ብዬ ነበር የፈራሁት። እትዬ የሺ ግን አቶ ተክሌን ሲያለቅሱ ሲያዩ፣ ሽማግሌ ብቻውን አያለቅስም ብለው ነው መሰለኝ፣ "ወይኔ! ወይኔ!" ብለው አቀለጡት። ሙሉነሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። ቤቱ ሙሉ ሰው፣ ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቋል፣ ሽማግሌዎች ያለቅሳሉ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ፊት አስቀምጦ።

"እማዬ ናት!" ብላ ጮኸች ሙሉነሽ። "ንገሩኝ! እማዬን ነው አይደል? ለዚህ ነው የመጣችሁት!"

እናቷ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ማንም "አይደለችም" አላለም፤ ማንም ስለማያውቅ። ይልቁንም ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ አቶ ተክሌን አየሁ። እንባቸው ዕውነተኛ ነው። "ለካ ሰውዬው የመጡት ለሽምግልና ሳይሆን መርዶ ሊነግሩኝ ነው!" አልኩ። አማቴ ትዝ አሉኝ፤ በየበዓሉ የሚልኩልኝ ቅቤ ትዝ አለኝ። ሙሉነሽን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሙዚቃውን ያስከፈትኩት እኔ፣ ወንበሩን ያስደረደርኩት እኔ፣ አሁን መጨረሻ ላይ አምኜ የማለቅሰውም እኔ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ቤዛ ወጣች። ሽማግሌ እያለ መውጣት ክልክል ነው፤ ግን እናቷ እየጮኸች ነው።

"ማን ሞተ?" አለች። የመጀመሪያዋ ጠያቂ እሷ ናት።

"እማማ" አልኳት በለቅሶ መሀል።

"ማን ነገራችሁ?"

እኔ አቶ ተክሌን አየሁ፤ አቶ ተክሌ እትዬ የሺን፤ እትዬ የሺ እኔን። ቤዛ ስልኳን አንሥታ ደወለች። ሙዚቃው ቀጥ አለ። ስልኩ ከስፒከሩ ጋር እንደተገናኘ ነበርና፣ ያ ሁሉ ሐዘን ይወጣበት ከነበረው ስፒከር የስልክ ጥሪ መጣ፤ ቀጥሎ የአማቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"ሃሎ! ቤዚዬ!"

እትዬ የሺ አማተቡ። አንዱ ብረት ቆራጭ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ።

"ሽማግሌዎቹ መጡ ወይ? ምን አለ ያ አባትሽ? ዛሬም ይግደረደራል? ንገሪው፤ እኔ ሙሉነሽን ስሰጠው በመጀመሪያው ቀን ነው እሺ ያልኩት! ያንኮራፋ እንደሆን ማን ጠየቀው? ብጠይቅማ ኖሮ መቼ አገባት! ይኸው ልጄ እንቅልፍ ካጣች ስንት ዘመኗ!"

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ተክሌ ናቸው። ከዚያ ማን እንደተከተለ አላውቅም፤ ኮሪደሩ፣ ደረጃው፣ ሁሉም ሳቀ። ሙሉነሽ ስፒከሩን አቅፋ "እማዬ! እማዬ!" ትላለች። ኢዮብ ከሕዝቡ መሀል ተሽሎክልኮ መጣና ጆሮዬ ላይ፣ "ጋሼ፣ ማይነሩን ከፈቱት?" አለኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። በሕዝብ ፊት ቆሜ ከሬዲዮው ጀምሬ እስከ ወንበሩ ድረስ ጥፋቴን ዘረዘርኩ።

ሳቁ ጋብ ሲል ርዕሰ መምህሩ ተነሡ። ፊታቸው አልተፈታም።

"እንግዲህ ለቅሶ በተለቀሰበት ቤት ልጅ አይጠየቅም" አሉ። "ገድ የለውም። ብንሄድ ይሻላል።"

ቤቱ ቀዘቀዘ። ሦስተኛ ቀጠሮ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ቤዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ልጄ ሕፃን ሆና ስትወድቅ፣ ከማልቀሷ በፊት የምታሳየው ፊት ነበራት፤ ያን ፊት አየሁት። ይቅርታ ልለምን ወደ ርዕሰ መምህሩ ቀረብ አልኩ።

"ይቆዩ፣ የኔታ" አሉ አቶ ተክሌ። መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "እኔ ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ አላለቀስኩም። ድንኳን ሳስተክል፣ እንግዳ ሳስተናግድ፣ ወንድ ነኝ ስል ጊዜው አለፈ። ዛሬ እዚህ ተቀምጬ የማንን ለቅሶ እንደማለቅስ ሳላውቅ እሷን አለቀስኳት። ቀለለኝ፤ አልዋሽም። ይሄ ነው ገድ የለውም የሚሉት?"

ርዕሰ መምህሩ ተመልሰው ተቀመጡ።

"ሌላም አለ። ይህን ሰው እዩት፤ ማንም አልሞተም፤ ግን ሥራውን ጥሎ አራት ፎቅ ወጥቶ መጥቷል። ከየሰፈሩ ከተነሳን ወዲህ ቀባሪ ሰው አለን ወይ እያልን የምንሰጋው እኛ አይደለንም? ልጃችን ከዚህ ቤት ቢያገባ ምን ይጎድልበታል? ለቅሶውን ቀድመን ጨርሰነዋል። የቀረው ሰርጉ ነው።"

"ዕውነት ነው" አሉ የልጁ አጎት። የዛሬ ንግግራቸው እሱ ብቻ ነበር፤ ግን በቃ።

እኔ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ከካሳንችስ ስንነሳ እዚያው የቀረ መስሎኝ የነበረው ጉርብትና፣ እጁ በብረት ብናኝ እንደ ጠቆረ በራችን ላይ ቆሟል። እትዬ የሺ ነጠላቸውን እያቃኑ ነው። ደስ አለኝ፤ ከምነግራችሁ በላይ ደስ አለኝ።

ማንም ሳያዛት ቤዛ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። የመጀመሪያው ክፍል ተከፈተ፤ ፈጠን ያለው፣ ብሩሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ተነሥተው ቆሙ። አቶ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወፍራም ድምፃቸውን አወጡ።

"እንግዲህ እኛ ዛሬ የመጣነው፣ ልጅዎን ቤዛን ለልጃችን…"

"ሰጥቻለሁ!" አልኩ።

እልልታው ከኮሪደሩ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። አቶ ተክሌ እጃቸውን በአየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀሩ።

"ኧረ የልጃችንን ስም እንኳ ልጥራ፣ ጌታዬ!"

"ይጥሩት፣ አቶ ተክሌ" አልኳቸው። "የልጄን ስም ከአፍዎ ልስማው።"